በእጅ የገባ ትምህርት

ጭጭ ድቡልቡሉን በእንጨት ገበታ ባትፈነክተው ኖሮ፣ ማንም ስለ እሷ ምንም አያውቅም ነበር። ደስ ባይልም እውነቱ ይሄ ነው።

"ዝም አይነቅዝም" ብሎ የተረተ ሰው ይቺን ልጅ አላያትም። እሷ ዝም ብላ ነቅዛ ነበር። አንደኛ ክፍል ከገባች ጀምሮ አፏን አልከፈተችም። ስሟ ሲጠራ እንኳ "አቤት" አትልም፤ እጇን ትንሽ ከፍ አድርጋ ወዲያው ብብቷ ሥር ትሸጉጠዋለች። ልጆች ደግሞ ስም ለማውጣት ማን ብሏቸው! ሳምንት ሳይሞላ "ጭጭ" አሏት፤ በዚያው ጸና። ያስመዘገበቻት አክስቷ ናት። እናቷ በሕይወት የለችም፤ አባቷ ወላጅ ሲጠራ መጥቶ አያውቅም።

መምህርቷም ራሷን የቻለች ጉድ ናት። ፊደል በዓይን ብቻ ይገባል የሚል ሰው ካገኘች ጠብ ነው። በእሷ ክፍል ግድግዳው ሥር ጠርዝ ያላቸው የእንጨት ገበታዎች ተደርድረዋል፤ ውስጣቸው አሸዋ ነው፣ ልጆቹ በጣታቸው ፊደል ይጽፉበታል። መደርደሪያው ላይ ከአናጢ ሸካራ ወረቀት ተቆርጠው ካርቶን ላይ የተለጠፉ ፊደላት አሉ፤ እነሱ በጣት ይዳሰሳሉ። ክዳናቸው የተበሳሳ ብልቃጦችም አሉ፤ አንዱ ሎሚ፣ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። አዲስ ቃል ሲመጣ ልጆቹ ተነሥተው በጭብጨባ ይቆራርጡታል፤ "ሎ" ጧ፣ "ሚ" ጧ! የጎረቤት ክፍሉ መምህር በማስመሪያው ግድግዳውን እየደበደበ፣ "ይሄ ትምህርት ቤት ነው ሠርግ ቤት?" ሲላት፣ "ሠርግ ነው፤ ጥሪው አልደረሰህም?" ትለዋለች።

ታዲያ ያ ጭብጨባ ለሌሎቹ ጨዋታ ሲሆን ለጭጭ መዓት ነበር። ክፍሉ እኩል "ጧ" ሲያደርግ እሷ ጠረጴዛ ሥር ነች። መምህርቷ መጀመሪያ ዓይነ አፋርነት መሰላት። ኋላ ግን ልጅቷ ማንም እጇን እንዲነካት እንደማትፈቅድ አየች። ይሄ ደግሞ ለመምህርቷ ሞት ነው፤ ሥራዋ ሁሉ የልጅን እጅ ይዞ አሸዋ ላይ መምራት ነውና። ለራሷ ቃል ገባች፦ ዓመቱ ሳያልቅ ይቺ ልጅ እጇን ትሰጠኛለች። ሌላው ይቅር፣ ማንበቡም ይቅር፤ እጇን ብቻ።

ምን ያላደረገችው አለ! ጭብጨባውን ትታ ጭናቸውን መታ መታ እንዲያደርጉ አስለመደቻቸው። ጭጭን በሩ አጠገብ አስቀምጣ በሩን ክፍት ተወችላት። ከጎኗ ደግሞ ድቡልቡሉን አደረገች። የፀጉር ሠሪዋ ልጅ ነው፤ ጉንጩ የተነፋ፣ ምሳውን ሳያካፍል የማይበላ፣ ተናግሮ የማይደክመው። "ባትናገርም ችግር የለም ቲቸር፤ እኔ ለሁለታችንም አወራለሁ" አላት። አወራም፤ ምድር እስኪበቃት አወራ። ከዕለታት አንድ ቀን መምህርቷ አሸዋው ላይ "ለ"ን ስትጽፍ፣ ትንሽ ቀዝቃዛ እጅ መጥቶ መዳፏ ሥር ገባ። ቀና ብላ አላየችም። ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ እጁን መራችው። ሲያልቅ ዕቃ ግምጃ ቤት ገብታ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀች።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ አልጋ በአልጋ ሆነ። ጭጭ አሸዋው ላይ ትጽፋለች፣ ዓይኗ በሻሽ ታስሮ በዳሰሳ ፊደል ትለያለች፣ ሎሚው ያለበትን ብልቃጥ ስታሸት ትስቃለች። አንድ ሁለቴ በሹክሹክታ ቃል ወጥቷታል፤ ድቡልቡሉ ሰምቶ ለክፍሉ ሁሉ አውጇል።

መምህርቷ ለየፊደሉ የሚዳሰስና የሚሸት ነገር ፍለጋ ሰፈሩን ስትዞር ነው የምትውለው። ከአናጢው ሰጋቱራ፣ ከልብስ ሰፊው ቁርጥራጭ፣ ከመካኒኩ ብሎን ትለምናለች። ገና ከሩቅ ሲያዩዋት "ለማኟ መምህርት መጣች፣ ዕቃችሁን ደብቁ" ይባባላሉ። የ"ጎ" ተራ ሲደርስ ጎማ አስፈለጋትና ከትምህርት ቤቱ ቁልቁል ካለው ጎሚስታ ዘንድ ወረደች።

የጎሚስታው ትሕትና ያስገርም ነበር። እጁን በጨርቅ ጠራርጎ፣ የበርጩማውን አቧራ አራግፎ፣ "አረፍ ይበሉ መምህርት" አላት። የምትፈልገውን ስትነግረው ሳቀ። "ለልጆች ትምህርት ነው? ታዲያ ለዚህ ይለመናል እንዴ!" አለና ግድግዳው ላይ ሚስማር ላይ ከተንጠለጠለበት አንድ ረጅም ጠፍር አወረደ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ከመነዳሪ የተቀደደ ነው፤ ጫፉ ላይ ቋጠሮ አለው። ከቋጠሮው በላይ በቢላዋ ቆርጦ ሰጣት።

"ከአዲሱ አይሻልም? ይሄ እኮ አርጅቷል" አለችው።

"ሽታ ያለው አሮጌው ነው። ደግሞ ይቺ ብዙ ያስተማረች ናት።"

ሳቀች። ቀልድ መሰላት፤ ማንስ ቀልድ አይመስለው? "አንደኛ ክፍል ነው የሚያስተምሩት?" ሲል ጠየቃት። አዎ አለችው። "ጎሽ" አለ፤ ሌላ ምንም አልጨመረም። የተረፈውን ጠፍር ጫፉን እንደገና ቋጥሮ ሚስማሩ ላይ መለሰው። መምህርቷ አመስግና ወጣች። የማን አባት መሆኑ ግንባሩ ላይ አልተጻፈ፤ በምን ትወቅ?

በማግስቱ ከረጢቱን ይዛ ክፍል ገባች። ጨዋታው እንዲህ ነው፦ ተራው የደረሰ ልጅ ዓይኑ በሻሽ ይታሰራል፤ ከረጢቱ ውስጥ እጁን ከትቶ አንድ ነገር ያወጣል፤ ይዳስሰዋል፣ ያሸተዋል፣ ስሙን ይናገራል፤ ከዚያ የመጀመሪያውን ፊደል አሸዋው ላይ ይጽፋል። ድቡልቡሉ ብሎን አወጣና "ብሎን! ምነው ብስኩት በሆነ!" ብሎ ክፍሉን አሳቀ። "ቀጥሎስ ማነው?" ስትል ጭጭ እጇን አወጣች። ማንም ሳያስገድዳት፣ በገዛ ፈቃዷ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። መምህርቷ ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። ሻሹን ራሷ አሰረችላት።

ልጅቷ ፈገግ እንዳለች እጇን ሰደደች። ጣቷ ቋጠሮው ላይ ሲያርፍ ፈገግታዋ ጠፋ። መምህርቷ አይታዋለች፤ ምን እንዳየች ግን አልገባትም። ይባስ ብላ "በርቺ፣ አሽትቺው፤ ታውቂዋለሽ እኮ" አለቻት። ወይ አለማወቅ!

ልጅቷ ቁራጩን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ከዚያ የወጣው ጩኸት ከዚያች ደረት ይወጣል ብሎ የሚያምን አልነበረም። ድቡልቡሉ ከኋላዋ "አይዞሽ፣ ጎማ ነው" ብሎ ትከሻዋን ነካ አደረጋት። ዓይኗ ታስሯል፣ አፍንጫዋ ላይ ጎማ ይሸታል፣ ከኋላ እጅ መጣ። የአሸዋውን ገበታ በሁለት እጇ አንሥታ ዞረችና አወረደችበት። ደገመችው። የገበታው ማዕዘን ቅንድቡን ቀደደው፤ አሸዋና ደም ዓይኑ ውስጥ ገባ። ልጆቹ እየተንጫጩ ወደ በሩ ተጋፉ፣ አንዷ ወድቃ ተረጋገጠች፣ መደርደሪያው ተገፍቶ ብልቃጦቹ ወለሉ ላይ ተከሰከሱ፤ ምድር ቀውጢ ሆነች። ጭጭ ለሦስተኛ ስታነሣ መምህርቷ ከኋላ ግጥም አድርጋ አቀፈቻት። ልጅቷ ክንዷን ነከሰቻት፤ ጥርሷ ሥጋ ውስጥ ገባ። መምህርቷ ግን አልለቀቀቻትም፤ በሌላው እጇ ሻሹን ስባ አወለቀችው።

ጭጭ ማን እንደያዛት አየች፤ ጥርሷን አላቀቀች። ከዚያ ወለሉ ላይ ተኮማትራ፣ ጭንቅላቷን በክንዶቿ ሸፍና፣ "አባዬ አላጠፋሁም፣ አባዬ አላጠፋሁም" ማለት ጀመረች። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነበር፤ ክፍሉ እንዲህ ስትናገር ሰምቷት አያውቅም። ሽንቷ አሸዋው ላይ ፈሰሰ። ሹራቧ ወደ ላይ ተሰብስቦ ስለነበር መምህርቷ ጀርባዋን አየችው። ያረጀ ጠባሳ፣ አዲስ ሰንበር፣ በየሰንበሩ ጫፍ ደግሞ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ክብ ቁስል። ወለሉ ላይ የወደቀውን ቁራጭ ከነቋጠሮው አየችው። ጀርባውን ደግማ አየች። የጎሚስታው ቀልድ ገባት፤ አብራው መሳቋም ትዝ አላት።

ልጅቷን ታቅፋ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ስትገባ፣ ዘበኛው አባትየውን ሊጠራ ሄዷል።

"ጋሼ፣ በእናትዎ ያስመልሱት! አባቷ እንዳይመጣ!"

"የሰው ልጅ ቅንድብ ተቀዶ አባት ሳይጠራ? ምን ነካሽ የኔ ልጅ?"

"ጀርባዋን ይዩት።"

አየው። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። "እኛም ተገርፈን ነው ያደግነው" አለ፤ ድምፁ ግን ራሱንም የሚያሳምነው አይመስልም። "ለማንኛውም ዘበኛው ደርሷል፤ አሁን ምን ይደረግ?"

ይሄኔ ፀጉር ሠሪዋ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ከች አለች፤ ሥራ ላይ እንዳለች ነው የመጣችው፣ ማበጠሪያው ጸጉሯ ላይ እንደተሰካ ነው። "የታለች ያቺ እብድ! የልጄን ዓይን ልታወጣው!" ድቡልቡሉ ግንባሩ በጨርቅ ተጠምጥሞ ቀሚሷን ይጎትታል፤ "እማዬ ተያት፣ ዓይኗ ታስሮ ነው፣ እኔ መሆኔን አላወቀችም።" "ዝም በል አንተ ደግሞ! ጠበቃዋ ነህ?" አለችው።

ጎሚስታው ኮፍያውን አውልቆ ገባ። ለርዕሰ መምህሩ እጅ ነሣ፣ ለፀጉር ሠሪዋ እጅ ነሣ፣ ለመምህርቷም እጅ ነሣ። "መምህርት፣ አስቸገረችዎት አይደል?" አላት። ጭጭ ከመምህርቷ እቅፍ ወርዳ፣ ማንም ሳይጠራት፣ ሄዳ አባቷ እግር ሥር ቆመች። ይሄ ነው መምህርቷን ከሁሉ በላይ ያስደነገጣት፤ ልጅቷ በራሷ እግር መሄዷ።

"እህቴ" አለ ሰውየው ለፀጉር ሠሪዋ፣ "ልጅሽ ልጄ ነው። ላጠፋችው እዚሁ፣ ፊታችሁ ትቀጣለች።" ከኮቱ ሥር ጠፍሩን መዘዘ።

የመጀመሪያው ሲያርፍ ፀጉር ሠሪዋ "ይበላት!" አለች። ሁለተኛው ሲያርፍ ዝም አለች። ልጅቷ አልጮኸችም፤ ጉልበቷ ብቻ ታጠፈ። ሦስተኛው ጆሮዋን ቀደደውና ደም ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ፈነጠቀ፤ ይሄኔ ፀጉር ሠሪዋ "ኧረ በቃ! ገደልካት እኮ አንተ ሰውዬ!" ብላ ልጇን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀችው። ሰውየው አይቸኩልም፣ አይቆጣም። እንደ ሥራ ነው የሚመታው። መምህርቷ መሀል ገብታ ልጅቷ ላይ ተደፋች። ቀጣዩ ከቅንድቧ እስከ ከንፈሯ ፊቷን ሰነጠቀው።

"በእኔና በልጄ መሀል ግቢ ያለሽ ማነው?" አላት። "እርስዎ" መባባሉ እዚያው ቀረ።

ርዕሰ መምህሩ ክንዱን ይዞ "ወንድሜ፣ ቢሮ ነው፤ እባክህ ቢሮ ነው" ይላል፤ ደጅ ቢሆን የሚፈቀድ ይመስል! ጎሚስታው ጠፍሩን እጁ ላይ ጠቀለለ፤ ልጅቷን በማጅራቷ ጨምድዶ አነሣት። "ከእንግዲህ ትምህርቱ ይበቃታል። ጎማ ትለጥፋለች" አለ። በሩ ላይ ሲደርሱ ጭጭ እጇን ወደ መምህርቷ ዘረጋች። መምህርቷ ዓይኗ ደም ሞልቶት ነበር፤ ተነሥታ እስክትደርስ በሩ ተዘጋ።

ፖሊስ ጣቢያ ሮጠች። ተረኛው ፊቷን አይቶ ወንበር ሰጣት፤ ደግ ሰው ነው፣ ደግነቱ ግን ወንበር ከመስጠት አላለፈም። "አንቺን የመታሽን እመዘግብልሻለሁ። የልጅቷ ግን የአባትና የልጅ ነገር ነው፤ ነገ ከትምህርት ቤቱ ደብዳቤ አጽፈሽ ነይ።"

"ነገ ደብዳቤው ምን ሊሠራላት? ከፈኗ ጋር ልንቀብረው?" ብላው ወጣች። እግሯን ወዴት እንደሚሄድ አልጠየቀችውም። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም፤ ሰው በመንገዱ ግራና ቀኝ ይገበያያል። ፊቷን ያየ ሁሉ መንገድ ይለቅላታል።

የጎሚስታ ቤቱ በር ግማሹ ተዘግቷል። ውስጥ የነፋስ መሙያው ሞተር ያጓራል፤ የሚነፋ ጎማ ግን የለም። ቤቱ መሀል የጭነት መኪና ጎማዎች አንዱ በአንዱ ላይ ተከምረው የሰው ደረት ደርሰዋል፤ ሰውየው ሌላ ጎማ አንሥቶ ሊደርብ ነው። መምህርቷ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ከጎማው ክምር ውስጥ ሳል ሰማች። ልጅቷ እዚያ ውስጥ ቆማ ነበር፤ መቀመጥ እንዳትችል፣ መውጣትም እንዳትችል። ሰውየው ጎማውን ደርቦ በመዶሻ ክምሩን ይወቅጠው ጀመር። "ፊደል ነው የምትፈልጊው? ይኸው! ይኸው ፊደል!" በያንዳንዱ ምት ክምሩ ይንቀጠቀጣል፤ ውስጡ ላለ ሰው ጆሮ ላይ ምን እንደሚያደርግ መገመት ነው።

"አውጣት" አለችው።

"ሂጂ ከዚህ። እዚያ ያንቺ ክፍል ነው፤ እዚህ የእኔ።"

የላይኛውን ጎማ በሁለት እጇ ይዛ ሳበችው። በጡጫ ጎኗን አላት። ጎማውን አለቀቀችውም፤ ከነጎማው ወደቀች። ሰውየው በአንገቷ አንሥቶ ሞተሩ ላይ አጋጫት። የጋለው ቱቦ ትከሻዋን ለበለበው፤ የሥጋዋ ሽታ አፍንጫዋ ገባ። ሁለት አውራ ጣቶች ጉሮሮዋ ላይ ተተከሉ። ቤቱ ጨለመባት። እጇ ወለሉን ሲዳብስ አንድ ነገር ነካ፤ ቀዝቃዛ፣ ከባድ፣ ጫፉ ጠፍጣፋ፣ ጎማ መፈልቀቂያው ብረት። ዓይኗ ምንም ሳያይ ጣቷ አወቀው።

ክንዱን አለችው። አጥንቱ ሲሰበር ድምፁ ከሞተሩ ጩኸት በላይ ተሰማ። ጣቶቹ ከጉሮሮዋ ለቀቁ፤ ሰውየው በጉልበቱ ተንበረከከ፣ አፉን ከፍቶ ክንዱን ያያል። እዚህ ላይ ማቆም ትችል ነበር። ልጅቷን አውጥታ መሄድ ትችል ነበር፤ የሚከለክላት አልነበረም። እኛም ታሪኩን እዚህ ጨርሰን እጇን ስመን በተኛን። አላቆመችም። አገጩን አለችው። ጥርስ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሲወድቅ ጎኑን፣ ሲገላበጥ ጀርባውን። "አጠፋህ? አጠፋህ አይደል?" ትለዋለች እየደጋገመች፤ ሰውየው የሚመልስበት አፍ የለውም። እውነቱ ይነገር ከተባለ ደስ አላት። ጠዋት እጇን ያወጣች ልጅ አይታ ከተደሰተችው በላይ ደስ አላት።

ሞተሩ ነፋሱን ሞልቶ በራሱ ጠፋ። በዝምታው ውስጥ የራሷን ትንፋሽ ሰማችና ቀና አለች። ጭጭ በጎማዎቹ ጠርዝ ተንጠላጥላ፣ አገጯን ክምሩ አፍ ላይ አድርጋ ታያታለች። አታለቅስም። ጭንቅላቷን አልሸፈነችም። ዓይኗ ከብረቱ ወደ አባቷ፣ ከአባቷ ወደ ብረቱ ይመላለሳል፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ አዲስ ቃል ስታጠና እንደዚሁ ነው የምታደርገው። መምህርቷ ይሄን ልብ አላለችም። ብረቱን ጥላ ልጅቷን በብብቷ ስባ አወጣቻት፤ ልጅቷም አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ሰፈርተኛው ተጠራርቶ ሲገባ እንኳ ሊያላቅቃቸው አልቻለም።

ጎሚስታው አልሞተም። ክንዱ በብረት ተያያዘ፣ አገጩ በሽቦ ታሰረ፤ ከሐኪም ቤት ሲወጣ በቀጥታ ወደ እስር ቤት ሄደ። ሐኪሙ የልጅቷን ጀርባ አይቶ ስለነበር፣ ደብዳቤ ካልመጣ ያለው ጣቢያ ያለ ደብዳቤ መጣ። መምህርቷን ማንም አልከሰሳትም፤ አንገቷ ላይ የጣቱ አሻራ በልዞ ይታይ ነበር። ልጅቷ አክስቷ ቤት ገባች።

ሰፈሩ ደግሞ ሌላ ወሬ ጠፋው። በሄደችበት "እጅሽ ይባረክ!" ነው። አናጢው በነጻ አዳዲስ ገበታ ሠራላት። ፀጉር ሠሪዋ ያለ ወረፋ አስቀምጣ እየሠራቻት "አንዷን ደግሞ ስለ እኔ ባቀመስሽው" አለቻት። ርዕሰ መምህሩ ለብቻዋ ጠርቶ "እኔ ያልሆንኩትን ወንድ ሆንሽ" ብሎ አንገቱን ደፋ፤ የጎረቤት ክፍሉ መምህርም ግድግዳ መደብደቡን ተወ። መጀመሪያ መጀመሪያ "ተዉ እባካችሁ፣ ይሄ የሚያስመሰግን አይደለም" ትላቸው ነበር። እያደር ለመደችው። ኋላ ኋላማ ሲያስተርኳት አሳምራ ትተርክ ጀመር፦ መጀመሪያ ክንዱን፣ ከዚያ አገጩን።

ልጅቷ ተመለሰች። እና ምን ልበላችሁ፣ ሌላ ልጅ ሆና ነው የተመለሰችው! ትናገራለች፤ ያውም ጮክ ብላ። ታነባለች። ጭብጨባው ሲመለስ ከክፍሉ ሁሉ የሷ ይበልጣል። "ጭጭ" የሚላት ሰው ጠፋ፤ ድቡልቡሉ እንኳ "አሁንስ እኔን ማን ያስወራኝ" ብሎ ያማርራል። እጇንማ አትጠይቁ፤ ገና በር ላይ መምህርቷን ስታይ ሮጣ መዳፏ ውስጥ ታስገባዋለች። መምህርቷ የፈለገችው ሁሉ ሆነላት። ማታ ማታ ፊቷ ላይ የቀረውን ጠባሳ በመስታወት እያየች "ይከፈላል፤ ለዚህማ ይከፈላል" ትላለች።

አንድ ትንሽ ልጅ ዘግይቶ ተመዘገበ፤ ፊደል አይለይም፣ አንዱን ሲይዝ ሌላው ይጠፋዋል። መምህርቷ ከማን ጋር ታስቀምጠው? ከልጅቷ ጋር። "አንቺ እኮ ታውቂያለሽ እንዴት እንደሚያዝ" አለቻት። ልጅቷ ኩራት ተሰማት። ትንሹን ልጅ እጁን ይዛ አሸዋው ላይ ስትመራው ያየ፣ መምህርቷን በትንሹ ያየ ይመስለው ነበር።

አንድ ጠዋት መምህርቷ ጀርባዋን ሰጥታ ሰሌዳ ስትጽፍ ከኋላዋ ድምፅ ሰማች። ጭብጨባ አልነበረም። ከዚያ ሁለተኛ ድምፅ፣ ከዚያ የድቡልቡሉ "ተዪው!" የሚል ለቅሶ። ዞረች። ትንሹ ልጅ አሸዋው መሀል ወድቋል፤ ግራ ክንዱ መታጠፍ በሌለበት ቦታ ታጥፏል፤ አፉ ደም ነው። ልጅቷ አሸዋ ማስተካከያውን ጣውላ በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፤ ጸጥ ያለ ነው። መምህርቷን ስታይ ፈካች።

"ቲቸር፣ ሦስቴ አሳይቼው አሁንም አጠፋ" አለች። "መጀመሪያ ክንዱን፣ ከዚያ አገጩን። እንደዚያ ነው አይደል?"

ልጅቷ ጣውላውን ከፍ አድርጋ እንደያዘች፣ መልሷ ትክክል ይሁን ስህተት እስኪነገራት ድረስ ትጠብቅ ነበር።